ኤንትሬ፣ ተሳቢና ሙቀት፦ ከአሰብ እና ከጅቡቲ መስመር የተያዘ ዕውቀት

ከአዲስ አበባ አሰብ 880 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። መንገዱ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነስቶ ባሕሩ ዳር ያልቃል፤ ሲመለሱ ደግሞ ያንኑ ከፍታ ጭነት ተሸክሞ መውጣት ነው። ነገሩ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ቡና ጭኖ ሲወረድ የሚፈተነው ፍሬን ነው። ከወደብ ማዳበሪያ፣ ስንዴ ወይም ብረት ተጭኖ ሲመጣ አፋር ሜዳ ላይ ጎማ ይፈተናል፣ ዳገቱ ላይ ደግሞ ሞተር። ሦስቱንም የሚበላቸው ሙቀት ነው። ሰው ሾፌርን በፍጥነቱ ይለካው ነበር፤ መኪናውን በደህና የሚመልሰው ግን ሙቀቱ ከየት እንደሚነሳ ቀድሞ የሚያውቀው ነበር። ይህን የምጽፈው ዛሬም ያገለገለ መኪና ይዘው ወደ ሚሌ ለሚወርዱ ልጆች ነው። መኪናው ተለውጧል፣ በረሃው ያው ነው።

መስመሩ በሞጆ፣ በናዝሬት፣ በመተሐራ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎግያና በሰርዶ አድርጎ ወደ ኤሊዳር፣ ማንዳና ቡሬ፣ ከዚያ አሰብ ይገባ ነበር። የአዋሽ–ሚሌ መንገድ ከመሠራቱ በፊት ግን በደብረ ብርሃን፣ በጣርማበር ዋሻ፣ በኮምቦልቻና በባቲ ነበር የሚወረደው። ከኮምቦልቻ ሚሌ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በዚያች ርቀት ከ1,800 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 500 ሜትር ይወረዳል፤ የፍሬን ትምህርት ቤት ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ አሰብ ተዘጋና ሁሉም ከሰርዶ በኋላ በዲቾቶ ወደ ጋላፊ ታጠፈ። ከጋላፊ ዮቦኪ፣ ዲኪል፣ ጅቡቲ። በጠቅላላው 910 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

መኪናው ብዙ ዓይነት ነበረ፤ መስመሩን ያቀናችው ግን ፊያት 682 ኤን 3፣ ሁሉም ሰው ኤንትሬ የሚላት ናት። ስድስት ሲሊንደር፣ 10.7 ሊትር ሞተር፣ ጉልበቷ 180 ፈረስ ገደማ፣ ተርቦ የሚባል አየር ገፊ የላትም። ከተሳቢዋ ጋር 200 ኩንታልና ከዚያ በላይ ትጭናለች። ዛሬ 400 ኩንታል የሚጎትተው መኪና ጉልበቱ ከእሷ እጥፍ በላይ ስለሆነ አዲሱ ሾፌር የማይሰማው ብዙ ነገር አለ። እሷ ላይ ግን ሁሉም ነገር ይሰማል።

ከጎማ ልጀምር፤ ከሞተር ይልቅ ሰው ያስቀረው ጎማ ነው። ያኔ ጎማው ባለ ክር፣ ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ) ያለው፣ መጠኑ ብዙ ጊዜ 12.00–20 ነበር። ለጭነት የሚሞላው 7 ባር፣ ማለትም 100 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። የሚለካው ጎህ ሲቀድ፣ ጎማው ሌሊቱን በርዶ ሳለ ነው። ሰርዶ ላይ በቀትር ብትለካው ከ8 ባር በላይ ሆኖ ታገኘዋለህ። ይሄኔ አየር አታውጣ። ብዙ ጀማሪ “ሊፈነዳ ነው” ብሎ ያስተነፍሰዋል። የተነፈሰ ጎማ ጎኑ ይተጣጠፋል፤ ሲተጣጠፍ ይብስ ይግላል፣ ክሩ ከጎማው ይላቀቃል፣ ከዚያ ነው የሚፈነዳው። በረሃ ላይ ጎማ የሚፈነዳው አየር በዝቶበት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛው የፈነዳው አየር አንሶት ነው። ሲግል ማድረግ ያለብህ ፍጥነት መቀነስ ወይም ቆመህ እስኪበርድ መጠበቅ ነው።

መንታው ጎማ ለብቻው መታየት አለበት። ከሁለቱ አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ስለሚሸከመው ከካቢና ምንም አይታወቅም፤ የተነፈሰው ግን ከጎረቤቱ ጋር እየተፋተገ ይግላል፣ መጨረሻው እሳት ነው። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ቆሞ መዞር ግዴታ ነበር። ረዳቱ ብረት ይዞ እያንዳንዱን ጎማ ይመታል። የሞላው ጠንከር ያለ፣ የሚዘል ድምፅ ይሰጣል፤ የተነፈሰው “ዱብ” ብሎ ይቀራል። ሾፌሩ ደግሞ በሌላ በኩል እየዞረ የእጁን ጀርባ ወደ ጎማውና ወደ ኩሽኔታው (የጎማው መዞሪያ) ክዳን ያስጠጋል። የእጅ ጀርባ ከመዳፍ ይልቅ ሙቀት ቶሎ ያውቃል፣ ቢቃጠልም መሪ ለመያዝ አያሳጣም። ሁሉም እኩል ከሞቁ ደህና ነው። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ግን ግራሶ ያለቀበት ኩሽኔታ ወይም ያልለቀቀ ፍሬን አለ። በመንታው መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ ካለ እዚያው በብረት ይወጣል፤ እስከሚቀጥለው ከተማ ድረስ የጎማውን ጎን ሲልገው ይውላል። ሁለት እኩል ጎማ ከጠፋ፣ ያልተበላው በውጭ በኩል ይታሰራል። አስፋልቱ መሃሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ የውጭው ጎማ ትንሽ ቢረዝም ጭነቱ ይከፋፈላል።

ጎማ ሲለጠፍ ሰው የሞተበት ቦታ ቀለበቱ ነው። የአሮጌው ቸርኬ (ጎማው የሚቀመጥበት ብረት) አንድ ጎኑ የሚወልቅ የብረት ቀለበት ነው፤ በአየሩ ግፊት ጎድጓዳው ውስጥ ተጨንቆ ይቀመጣል። በደንብ ካልገባና አየሩ ከሞላ ተወርውሮ የሰው ራስ ይወስዳል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የባልቦላው (የአየር መግቢያው) የውስጥ ፍሬ ተነቅሎ አየሩ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ከዚያ በፊት ቀለበት አይነካም። ካላማዳሪው ይወጣና ቀዳዳው ውኃ ውስጥ ይፈለጋል፤ ውኃ የሚቆጠብበት ቦታ ከሆነ ምራቅ ያገለግላል። ጎማው ውስጥ እጅ ገብቶ ሚስማሩ ወይም የግራር እሾሁ ሳይገኝ መልሶ መግጠም ድካም ነው፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ያው ቀዳዳ ይከፈታል። የቸርኬው ጎድጓዳ ዝገቱ ይፋቃል። የታጠፈ ወይም የሰነጠቀ ቀለበት በመዶሻ አይቃናም፣ ይጣላል። ከተገጠመ በኋላ ጎማው ቀለበቱን ወደ መሬት አድርጎ ይጋደማል፣ ወይም ሰንሰለት በቸርኬው ውስጥ ዞሮ ይታሰራል። ከመኪናው የአየር በርሜል በሚመጣ ቱቦ ጥቂት ይሞላና ቀለበቱ ዙሪያውን እኩል መግባቱ ይታያል፤ ከዚያ ነው ሙሉ አየር የሚሰጠው። አየር በሚሞላበት ጊዜ ቀለበቱን በመዶሻ መምታት የድሮ ጎሚስታዎች ክፉ ልማድ ነበር። አትልመደው።

ወደ ሞተሩ። ውኃ አሰብ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 አካባቢ ነው የሚፈላው። ይህን የሚያውቅ ሾፌር ጥቂት ነው። ሚሌ ላይ 95 ሲያሳይ ያልፈላ ራዲያተር፣ በዚያው 95 ሞጆን አልፎ ዳገት ላይ ሊገነፍል ይችላል። ይህን የሚከላከለው ግፊት የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ጎማ ከደረቀ ክዳኑ ክዳን አይደለም፣ ብረት ነው። ሰው ግን ለሞተር ብዙ ብር አውጥቶ ለክዳን ይሰስታል። ደግሞ ከፍታው ራሱ ተርቦ ከሌለው ሞተር ላይ ጉልበት ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ሲደረስ ከአምስት አንዱ እጅ ያህል ጠፍቷል። አየር ሲሳሳ ናፍታው ሳይቃጠል በጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ሾፌሩም “የናፍታ ፖምፓው ተበላሸ” ብሎ ይከፍተዋል። ፖምፓው ምንም አልሆነ፤ አንድ ማርሽ መቀነስ ይበቃው ነበር።

ዳገት የሚያዘው ከመጀመሩ በፊት ነው። ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ ደህና እየዞረ መውጣት ያበርዳል፤ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ፋን አየር ይስባልና። በከባድ ማርሽ እያጓራ ቀስ ብሎ የሚወጣ ግን ፋኑ በደንብ ሳይዞር ናፍታው ይቃጠላል። ከሁሉ የሚከፋው ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ነው። መኪናው በ20 ሲሄድ ነፋሱም በ20 ከኋላው ከነፈሰ ራዲያተሩ ላይ የሚደርስ አየር የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ ቆሞ የመኪናውን ፊት ወደ ነፋሱ ማዞር ከአንድ ጀሪካን ውኃ ይበልጣል።

ሲፈላ ሞተር አይጠፋም። ሞተሩ ከጠፋ ውኃው መዞሩን ያቆማል፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ የታመቀው ሙቀት መውጫ ያጣል፣ ብረቱም ይጣመማል። በቀስታ እየዞረ ይተውና መርፌው ሲወርድ ክዳኑ በጨርቅ ተይዞ በመጀመሪያው ጥርስ ላይ ይላቀቃል፤ እንፋሎቱ አልቆ ሲወጣ ይከፈታል። ውኃው ሞተሩ እየሠራ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በአንዴ መድፋት ቴስታታ ያሰነጥቃል። ከዚያ በኋላ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ እየመጣ ካላቋረጠ፣ ጭሱ ነጭ ከሆነ፣ ወይም የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ ዝቃጭ ከታየ በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ በዚያ መቀጠል ሞተሩን መቅበር ነው።

ውኃው ከየት እንደሚቀዳም ዋጋ አለው። የአፋር ጉድጓድ ውኃ ብዙ ቦታ ጨዋማ ነው፣ የአዋሽ ወንዝ ደግሞ ጭቃ። ሁለቱም ራዲያተሩን በነጭ ቅርፊትና በደለል ይደፍኑታል። ስለዚህ የደጋ ውኃ ከመጠጡ ተለይቶ 60 ሊትር ያህል በጀሪካን ይያዛል። ቴርሞስታቱን (ውኃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚከፍተውን በር) አውጥቶ መጣል ልማድ ነበር። ጥቂት ሞተር ላይ ይሠራል፤ ብዙዎቹ ላይ ግን ቴርሞስታቱ ሲከፈት አጭሩን መንገድ የሚዘጋው እሱ ራሱ ነው። ሲወጣ ከውኃው ገሚሱ በራዲያተሩ ሳያልፍ ወደ ሞተር ይመለሳል፣ ማፍላቱም ይብሳል።

ቁልቁለት ላይ የድሮው ሕግ አጭር ነበር፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። የሞተር ፍሬኑን ይዞ፣ ፍጥነት ሲጨምር ፔዳሉን ጠንከር አድርጎ ረግጦ ቶሎ መልቀቅ። እግርን ጣል አድርጎ ሳያነሱ መውረድ የፍሬን ሸራውን ያግለዋል። ሲግል ሸራው የሚይዘው ታምቡር ይሰፋል፣ ሸራውም መያዝ ያቆማል። መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፣ ቀጥሎ ፔዳሉ ላይ የነበረው ኃይል ይጠፋል። ሽታው ሲመጣ መቆም ይቻላል፤ ሁለተኛው ከመጣ አይቻልም። የቆመ ሰው በእጅ ፍሬን አይዘው፤ የጋለ ታምቡር በተያዘበት ሲበርድ ሸራው ይጣበቃል። በታኮ ወይም በድንጋይ ያዘው፣ ውኃም አትድፋበት፣ ይሰነጠቃል።

ናፍታ ለመቆጠብ ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም ማርሹን አውጥቶ፣ መልቀቅ የብዙ መኪና መቃብር ሆኗል። ማርሹ ድርብ ፍሪሲዮን (ፍሪሲዮኑን ሁለቴ መርገጥ) የሚፈልግ ስለሆነ አንዴ ከፈጠነ ወደ ውስጥ አይመለስም። ለመሆኑ የሚተርፈው ናፍታ ስንት ነው? ተሳቢ ይዞ ሽቅብ የሚወጣ መኪና በሊትር 2 ኪሎ ሜትር ከሄደ ጥሩ ነው፤ በአንድ ቁልቁለት የሚተርፈው የሻይ ዋጋ አይሞላም።

የአየር ፍሬን ጠላቱ ውኃ ነው። በየማለዳው የአየር በርሜሎቹ ቡሽ ከሥር ተከፍቶ ውኃና ዘይቱ ይፈሳል። ብዙ ዘይት ከወጣ ኮምፕሬሰሩ ተበልቷል ማለት ነው። ተሳቢው ከዋናው መኪና በጥቂቱ ቀደም ብሎ መያዝ አለበት። ዘግይቶ የሚይዝ ተሳቢ ከኋላ ይገፋና እርጥብ አስፋልት ላይ መኪናውን እንደ ቢላ ያጥፈዋል። ይህን ለማየት ሜዳ ላይ በቀስታ እየሄዱ ቀለል አድርጎ መርገጥ ይበቃል፤ ከኋላ ሳብ ሲያደርግ ደህና ነው፣ ገፋ ሲያደርግ የተሳቢው ፍሬን ይጥበቅ።

ናፍታ ካለቀ ወይም ፊልትሮ ከተቀየረ አየር ይገባል፣ ሞተሩም ቢዞር አይነሳም። ባትሪ እስኪያልቅ የሚያስነሳ ሾፌር አለ። ማድረግ ያለበት ግን የፊልትሮውን የላይ ብሎን ማላላትና የእጅ ፖምፓውን መምታት ነው። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ ከዚያ ንጹሕ ናፍታ፤ ናፍታው አረፋ ሳይኖረው ሲፈስ ብሎኑ እየፈሰሰ ሳለ ይጠበቃል። ቀጥሎ ኢንጀክሽን ፖምፓው ላይ ያለው ብሎን እንዲሁ። ካልተነሳ ወደ ኢንጀክተር የሚሄዱት ቧንቧዎች ጫፍ ላይ ያሉ ዳዶዎች ግማሽ ዙር ላላ ይደረጉና ሞተሩ ይዞራል፤ ናፍታ ሲረጩ አንድ በአንድ ይጠበቃሉ። እጅህን ከሚረጨው ፊት አታድርግ፣ ቆዳ ይበሳል። የእጅ ፖምፓው ሲመታ ምንም የማይከብድ ከሆነ አየሩ የሚገባው ከሰልባትዮ (ከናፍታ ማጠራቀሚያው) በሚመጣው ቱቦ ነው፣ ብዙ ጊዜም የቱቦው ማሰሪያ ላልቷል።

ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ሲሰበር ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጉድጓዱ ላይ ይደረጋል። ከዚያ በፊት ግን ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ላልተው ቆይተዋል። አዲስ የተገጠመ ባሌስትራ ተጭኖ መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት። መንገድ ላይ ከተሰበረ፣ በአክስሉና በሻንሲው መካከል ጠንካራ እንጨት ተሰክቶ በሰንሰለት ይታሰርና ቀስ ተብሎ ይገባል።

ጭነት ላይ ሁለት ነገር ብቻ። ዩሪያ የወደቡን እርጥበት ይጠጣል፤ ስለዚህ ስፖንዳው (የጭነት ሳጥኑ) ውስጥ ከሥር ሸራ ይነጠፋል፣ ከላይ ደግሞ የፊተኛው ሸራ በኋለኛው ላይ ይደረባል። በተቃራኒው ከተደረበ ነፋስ ከሥሩ ገብቶ እስከ ገዋኔ ይቀደዋል። ፌሮ ብረት ግን ሌላ ነው፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ተንሸራቶ ካቢና ይበሳል። የፊት ግድግዳውን አትመን፣ በብረቱና በግድግዳው መካከል ክፍተት ሳይኖር ተጠግቶ ይጫናል፣ በሁለት ቦታ በሰንሰለት ወደ ታች ይታሰራል፣ በሰንሰለቱና በብረቱ መካከል እንጨት ይገባል። ኮንቴይነር ሲመጣ አራቱም የማዕዘን መቆለፊያዎች ይታያሉ፣ ፕሎምፑ (ማሸጊያው) ላይ ያለው ቁጥር ከሰነዱ ጋር ቃል በቃል ይመሳከራል። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ሚሌ ኬላ ላይ የምታድረው አንተ ነህ፣ የጉምሩክ ሰነዱን የሚያስፈጽመው ትራንዚተር አይደለም። ለጅቡቲ ደግሞ ሊብሬውና መንጃ ፈቃዱ ብቻውን አይበቃም፣ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ መድኑ ቀኑ ያላለፈ መሆን አለበት።

በረሃው የሚሄዱበት ሰዓት ከቀኑ 10 እስከ ጠዋቱ 3 ነው፤ በቀትር ጥላ ተፈልጎ ይተኛል። ሌሊት ግን ግመል አለ። አስፋልቱ ሙቀት ስለሚይዝ ሌሊት ላይ ይተኛበታል፣ ቀለሙም ከአፈሩ አይለይም። ቆሞ ካለ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው፤ ረጅም መብራት ከሌለ አራት ዱላ ይመስላል። ከተገጨ አካሉ ካቢና ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ከ50 በላይ አይኬድም። ግመል የገጨ ሰው ባለቤቱንና ሽማግሌ በፖሊስ በኩል ማግኘት አለበት። ጥሎ የሄደ ለራሱ ያመለጠ ቢመስለውም ሒሳቡ ከኋላው የሚመጣው ሾፌር ላይ ይቆጠራል። ጫት እንቅልፍ ይከለክላል ይባላል። ይከለክላል፣ እስኪለቅ ድረስ። ሲለቅ ዓይን ተከፍቶ አእምሮ ይተኛል፤ አብዛኛው የማለዳ ግልበጣ የዚያች ሰዓት ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ወንዝ ይሞላል፤ ዝናቡ የወሎ ደጋ ላይ ነው የዘነበው። ውኃ ከመንገዱ በላይ ካለፈ ዳሩ ላይ ዱላ ተክሎ መጠበቅ ነው። ውኃው ከዱላው ሲርቅ እየጎደለ ነው። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ጥላ አለ ብሎ መኪና አቁሞ መተኛት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም።

ጅቡቲ ላይ ወረፋው ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፣ መኪናም ቆሞ ይጎዳል። ፀሐይ የሚያገኛቸው ጎማዎች በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፈናሉ። የባሕሩ ጨዋማ እርጥበት ታምቡሩን ስለሚያዝግ በሦስት ቀን አንዴ መኪናውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሽ ማንቀሳቀስ ሸራው እንዳይጣበቅ ያደርጋል። የባትሪው ጫፎች ግራሶ ይቀባሉ።

መኪና ተበላሽቶ መንገድ ላይ ሲቆም ከፊትም ከኋላም ድንጋይና ቅጠል ይደረደራል። ከመኪናው ስር ሆነህ ስትሠራ በ100 ሜትር ርቀት ቢጀምር ለመጪው ሾፌር ይበቃዋል፤ ኩርባ ላይ ከሆነ ከኩርባው በፊት። ተጠግኖ ሲነሳ ረዳቱ ካቢና ከመግባቱ በፊት በእግሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ከአስፋልቱ ያውጣ። ሌሊት ከኋላው የሚመጣው መኪና የሚያገኘው ድንጋዩን ብቻ ነው፣ የተበላሸው መኪና ሄዷል።